ሲኒውን የደረደረው ማን ነው?

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ አንዲት ባለ ምግብ ቤት ነበረች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አበሻው ቤቷን ይሞላዋል። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል። ቡና የምታፈላው ልጅ እንደ ወጉ ሲኒዎቹን ረከቦት ላይ ትደረድርና በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ታስቀድማለች፤ ቡናውን በላዩ ትቀዳበታለች።

ከደንበኞቹ አንዷ ነርስ ናት። ስኳር ያለባቸውን አንድ ጡረተኛ ባየች ቁጥር፣ "ጋሼ፣ ይተዉት እንጂ!" ትላቸዋለች። እሳቸውም "እሺ ልጄ" ይሏታል። ሲኒው ተቀድቶ ሲመጣ ግን መመለሱ ነውር ይሆንባቸውና ፉት ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ እሷም መከረች፣ እሳቸውም እሺ አሉ።

አንድ እሁድ የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅቷን፣ "ከዛሬ ጀምሮ ስኳሩን ሲኒ ውስጥ አታድርጊ። ለብቻው አቅርቢው፤ የፈለገ ይጨምር" አለቻት። ሰዉ አጉረመረመ። "ምነው፣ ስኳር ተወደደ እንዴ?" ያለም ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን አንዱ ሁለቱን ማንኪያ ወደ አንድ አወረደ፣ ሌላው በወሬ ተይዞ ሳይጨምር ጠጣ። ጡረተኛውም ማንንም ሳያስቀይሙ ቡናቸውን መራራውን ለመዱት። ወሩ ሲያልቅ ስኳሩ ገና ከግማሽ በላይ ነበር።

ነርሷ ደስ ብሏት፣ "አየሽ፣ ምክሬ ገባቸው!" አለች።

ባለቤቷ ሳቀች። "ምክርሽንማ አምናም ሰምተውታል።"

እዚያው ኢንሱሊን የሚወጋ አንድ ልጅ ይሠራ ነበር። ለእሱ የስኳሩ ለብቻ መቅረብ ብዙም አይፈይድለትም፤ ያለ መድኃኒቱ አይኖርም። ቤቱ ማቀዝቀዣ ስላልነበረው ባለቤቷ ከወጥ ቤቱ ፍሪጅ አንድ መደርደሪያ ለቀቀችለት። ሠራተኞቹንም፣ "ማንም ፍሪዘር ውስጥ እንዳይከተው፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል" ብላ አስጠነቀቀች።

አገርም እንዲሁ ናት። ዜጋውን "ጣፋጭ ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ" ማለት ተገቢ ነው፤ ረከቦቱን የሚያሰናዳው ግን መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች አንዱ አድርጋለች፤ ኬንያም ታስከፍላለች። ዋጋው፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሱቁ፣ የእግረኛ መንገዱ ሁሉ ሰው ከመምረጡ በፊት የተደረደሩ ሲኒዎች ናቸው።

የፍሪጁም መደርደሪያ አይዘንጋ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2022 እ.ኤ.አ. አገሮች እስከ 2030 ሊደርሱባቸው የሚገቡ ግቦችን አስቀምጧል። ከእነዚህ መካከል የስኳር በሽታ ካለባቸው ከመቶ 80ው በምርመራ እንዲታወቁ፣ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ሁሉ ደግሞ አቅማቸው የሚፈቅደውን ኢንሱሊን እንዲያገኙ የሚሉት ይገኙበታል። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ግምቱ በአፍሪካ በሽታው ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም ይላል። ያልተመረመረን ሰው ደግሞ ተጠንቀቅ ማለት ትርፉ ድካም ነው።

ምርመራውም፣ ታክሱም፣ ኢንሱሊኑም ገንዘብና ቁርጠኝነት ይፈልጋሉ። በሽተኛውን መውቀስ ግን በጀት አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው ሁሌም እሱ የሚቀድመው።