የውኃው ጥፋት

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ዓሣ ብዙ የምንተርት ሕዝብ አይደለንም። ካሉን ጥቂት ተረቶች አንዱ ግን በስደት አገር ከየስብሰባው አይጠፋም፤ «ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው» የሚለው። እዚህ ሼፈርድስ ቡሽ ተቀምጬ ካዳመጥኋቸው የፖለቲካ ውይይቶች መካከል ይህ ተረት ያልተነሣበት ትዝ አይለኝም። ተናጋሪው ይህን ብሎ ሲቀመጥ ይጨበጨብለታል። ጭንቅላቱ እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ከአዳራሹ ውስጥ ካለነው መካከል ግን ጭንቅላት የሆነ አንድም ሰው የለም። እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ። ተረቱ ስለ ሞተ ዓሣ የተነገረ መሆኑን ያስተዋልሁት፣ በሕይወት ያለ ዓሣ ዐይኔ እያየ ሲበሰብስ ነው። በሕይወት ያለ ዓሣ መበስበስ የሚጀምረው ከጭራው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ከጎልድሆክ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሕንጻችን ከእኔ በታች የሚኖሩት አየርላንዳዊት አዛውንት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ልጅ የላቸውም፤ ያሏቸው ሦስት ወርቃማ ዓሦች ናቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ምግብ ቆንጠር እያደረግህ ጣልላቸው፤ ሌላ ምንም አይፈልጉም» አሉኝ።

እኔ ግን ሌላም አደረግሁ። በውኃው ማጣሪያ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ቡናማ ሆኖ አየሁት። አደራ የተቀበሉትን ቤት አቆሽሾ ማስረከብ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አድርጌ ነጭ እስኪሆን አጠብሁት። በሁለተኛው ሳምንት የትልቁ ዓሣ ጭራ ጠርዙ ነጣ፤ ቀጥሎም እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተለተለ። የሌሎቹም ክንፍ ተከተለ።

የቤት እንስሳት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄድሁ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው። የሆነውን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ውኃውን ለክተኸዋል?» አልለካሁም፣ መድኃኒት ነው የምፈልገው አልሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ሸጠልኝ፤ 7 ፓውንድ። ይህችን ጥያቄ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

መድኃኒቱ ምንም አልፈየደም። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል መድኃኒቱን ከውኃው እየመጠጠ ያስቀር ነበር፤ ከሰሉን አውጣ የሚለው ማስጠንቀቂያ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አላነበብሁትም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያውም መልሶ ራሱን ያቃጥለዋል። በዚያ ቡናማ ስፖንጅ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡ ኖሯል። የለንደን የቧንቧ ውኃ፣ እኛ ሳንታመም እንጠጣው ዘንድ፣ ተሕዋስያንን የሚገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። እኔም በዚያ ውኃ የዓሦቹን ጠባቂዎች አጥቤ ገደልኋቸው። ጭራውን የበሉት ኤሮሞናስና ሲውዶሞናስ የሚባሉት ተሕዋስያን ከውጭ የመጡ ወራሪዎች አይደሉም፤ ድሮም ከውኃው ውስጥ ነበሩ። ጤነኛ ዓሣ ገላውን በሸፈነው ልጋግ ይመክታቸዋል፤ በተመረዘ ውኃ የደከመ ዓሣ ግን አይችልም።

እንግዲህ በሽታው ከጭንቅላትም ከጭራም አልነበረም፤ ከውኃው ነበር። በመጨረሻ መለኪያውን ገዝቼ ጠብታውን በብልቃጧ ውኃ ላይ ሳንጠባጥብ፣ ቢጫ ሊሆን የሚገባው ውኃ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ቀላልና አሰልቺ ሆነ። በየቀኑ ከውኃው ሩቡን መቅዳት፤ በምትኩ ክሎሪኑ በጠብታ የተወገደለትን፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተስተካከለውን ውኃ መጨመር፤ በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም የሚሆን ጨው ማሟሟት፤ ምግብ መቀነስ። በሁለቱ ዓሦች ላይ ብስባሹ ከክንፉ ሥር ስላልደረሰ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ መስታወት የጠራ ስስ ቆዳ ከጠርዙ ማደግ ጀመረ። ከሥሩ ቢደርስ ኖሮ ተመልሶ አይበቅልም ነበር።

የሦስተኛው ነገር እንዲህ አልሆነም። ትልቁ ዓሣ ሆዱ ተነፋ፤ ቅርፊቱም እንደ ጥድ ፍሬ ቆመ። ይህ ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ጥቂት ነው። ምናልባት ይረዳው የነበረው ፀረ ባክቴሪያ በዚህ አገር ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ የሐኪሙ ክፍያም ከዓሣው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

በዚያው ሳምንት እህቴ ከደሴ ደወለችልኝ። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከከተማው ጠፍቷል፤ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ገንዘቡን ላክሁላት። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ዓሣ እያስታመምሁ ነው አልኋት። እስኪያስላት ሳቀች፤ ከዚያም ዝም አለች። «እኔን ብለህ በላኸው ብር ልክ ነው ለዓሣው መድኃኒት የገዛህለት?» አለችኝ። እንደዚያ አልነበረም፤ ግን መልስ አጣሁ።

ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ አጠገባችን ካለው ኩሬ የሚሰጥም ሕፃንና በሩቅ አገር በረኀብ የሚሞት ሕፃን በእኛ ላይ ያላቸው መብት አንድ ነው፤ ርቀት ግዴታን አይቀንስም ይላል። በዚህ ሚዛን እህቴ ትክክል ናት፤ 7 ፓውንዷ ደሴ መድረስ ነበረባት። ሆኖም በዚያው ሳምንት በአክስብሪጅ መንገድ ለጠጣሁት ማኪያቶ ከዚያ የበለጠ ከፍዬ ነበር፤ ስለ ማኪያቶው ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው የሚጠየቀው ምሕረት ባደረገበት ገንዘብ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል።

ለእህቴ ያኔ ያልመለስሁላት መልስ ይህ ነው። ዓሣውን ያስታመምሁት ከሰው ስለሚበልጥ አይደለም፤ አጠገቤ ስለሆነም አይደለም። ያሳመምሁት እኔ ስለሆንሁና እሱ ከመስታወቱ መውጣት ስለማይችል ነው። የጣና አምባዛ ውኃው ቢበላሽበት ወደ ጥልቁ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1853 በሪጀንትስ ፓርክ የዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ የዓሣ ቤት ሲከፈት፣ የዘመኑ ሰዎች ዕፅዋትና ዓሣ በልክ ከተደረጉ የመስታወቱ ዓለም ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ ውኃውም መለወጥ አያሻውም ብለው ያምኑ ነበር። ደስ የሚል እምነት ነው፤ በር ዘግቶ መተኛትን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ግን፣ ዓሣ ያኖረ ሰው ከሥቃይና ከበሽታ ይጠብቀው ዘንድ ግዴታ ጥሎበታል። ይኸው ሕግ በተለመደው የዓሣ ማጥመድ ሥራ የሚደርሰውን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቻቸው የትራውት ዓሣ ከንፈር ላይ አሲድ ሲወጉ፣ ዓሦቹ ምግብ ትተው ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ ነበር። ይህ ሕመም ይባል አይባል እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ መንጠቆ የገባበት ከንፈርና የእኔ ዓሣ ከንፈር ግን በሕግ እንጂ በሥጋ አይለያዩም። ሕጉ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ዘጋው ሰው የሚናገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሻጩ ጥያቄ ልመለስ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ወዳጆቼ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው ስለሆነው ሲጠየቁ፣ ጥቂቶቹ «ጭንቅላቱ ነው» ይላሉ፤ የሚበዙት ግን «ዘመኑ ነው» ይላሉ፤ ማለትም ውኃው ነው። ውሸት አይደለም። እኔም ስለ ውኃ ካነበብሁ በኋላ እንደዚሁ ልል ቃጥቶኝ ነበር። ዳሩ ግን ውኃው ነው የማለት መብት ያለው ዓሣው ነው፤ እጅ የለውምና። እኔ እጅም ባልዲም ነበረኝ። በእርግጥ ስፖንጁን ያጠብሁት ባለማወቅና በቅንነት ነው፤ አባቶቻችን በማወቅም ባለማወቅም ለተሠራ ኀጢአት ይቅርታ እንድንለምን ያስተማሩን በከንቱ ባይሆንም፣ ለዚህኛው ብዙ አልወቅስም ራሴን። ነገር ግን ያ ልጅ «ለክተኸዋል?» ባለኝ ጊዜ አለማወቄ አበቃ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የነበረው አለማወቅ ሳይሆን ማወቅን አለመፈለግ ነው። መለኪያው ጥፋቱን ወደ እኔ እንዳያመጣው ፈርቼ መድኃኒት ገዛሁ። ያ መድኃኒት የተገዛው ለዓሣው ነበር ለማለት አልደፍርም።

ትልቁ ዓሣ በጎኑ ተኝቶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ልገድለው ወሰንሁ። ሥቃይ ሳያበዛ የሚገድለው የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ ለጥርስ ሕመም ከፋርማሲ ይሸጣል። በትንሹ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያስተኛዋል፤ ሲጨመር አይነቃም። የስንጥቡ እንቅስቃሴ እስኪቆም ድረስ፣ ከቆመም በኋላ ብዙ ደቂቃ፣ በሳህን ላይ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ክፍሉ የእናቴን ሻይ ሸተተ። ለወራት ያህል ሻይ በቅርንፉድ መጠጣት አልቻልሁም።

አዛውንቷ በጥር በመደገፊያ ብረት እየተራመዱ ተመለሱ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ገንዳው ሄደው ቆጠሩ። «ትልቁስ?» አሉኝ። የስፖንጁን ነገር፣ መድኃኒቱን፣ ቅርንፉዱን በቅደም ተከተል ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና፣ «እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አጥቤ አራት ገድያለሁ፤ ሳልነግርህ መሄድ አልነበረብኝም» አሉ።

«ያጠብሁት ግን እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«አዎ፣ አንተ ነህ» አሉና ባልዲውን እንዳመጣ አዘዙኝ። ቅዳሜ ነበር፤ ውኃ የሚለወጥበት ቀን።