መጨነቅና መጠንቀቅ



በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጥያቄ አጭር ነው። ይኸውም ሕዝብ ተጨናንቆ በሚኖርባት እንደ አዲስ አበባ ባለች ከተማ «ወረርሽኝ ይነሣ ይሆን?» ብሎ መጨነቅ የእምነት ጉድለት ነውን? ወይስ ጥፋተኛው ስለዚህ ነገር ከቶ ግድ የሌለው ሰው ነው? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በመካከላችን ከደረሰ ነገር የተነሣ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመዝሙር ጥናታችን ጉንፋን ገብቶ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። አርባ ያህል ሆነን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን እንቀመጥበታለን፤ ብርድ እንዳይመታንም መስኮቱን ዘግተን እንዘምራለን። ከእኛ አንዳንዶቻችን እያሳለንና እያተኮሰን መጣን፤ ስማችን በቀሪነት እንዳይጻፍ ፈርተን ነበርና። በዚያው ሳምንት ብዙ ውለታ የዋሉልንን አንዲት አረጋዊት እናት ልንጠይቅ ሄድን። እንደ ልማዳችን ጉንጫቸውን ስመን፣ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን ቡና ጠጥተን፣ ተመርቀን ወጣን። ከጥቂት ቀን በኋላ እሳቸው ታመው ተኙ። ሕመሙ ወደ ሳንባቸው ወርዶ ሐኪም ቤት ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በሽታውን ያደረስንባቸው እኛ እንሁን ሌላ ሰው ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። «እኛ አይደለንም» ብሎ ሊምል የደፈረ ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

ይህች ከተማ ይህን በሽታ ከጥንት ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ጠንቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በአዲስ አበባም፣ ያን ጊዜ ከዛሬዋ ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ከተማ ሳለች፣ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው ለጥቂት ድነዋል። በየቤቱ አስታማሚውም ታማሚውም አብረው ስለ ወደቁ ቀባሪ እስከ መጥፋት ደርሶ እንደ ነበር አያቶቻችን ሲተርኩ ሰምተናል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለውና «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ዛሬ እንደምናውቀው ጭስ ኢንፍሉዌንዛን አያስወግድም፤ የታመመ ሳንባንም ይጎዳል። የበሽታው ምክንያት የሆነው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለሆነ የዚያ ዘመን ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ልማዱን በከንቱነት አንነቅፈውም። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ ከደጁ መውጣቱ የጎረቤቴ ጤና እኔንም ይመለከተኛል ብሎ ማመኑን ያሳያል። እኛ ከእነርሱ የሚበልጥ እውቀት አለን። በሽታው ከሳልና ከትንፋሽ ጋር በሚወጣ ርጥበት፣ በተነካ እጅም እንደሚተላለፍ፣ ሰው ሕመሙ ሳይሰማው ከአንድ ቀን አስቀድሞ እንኳ ለሌላው ሊያስተላልፍ እንደሚችል፣ አረጋውያንን፣ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ነባር ሕመም ያለባቸውን አብዝቶ እንደሚጎዳ ተምረናል። ታዲያ በሞላ ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ንፋስ ሊመታን ነው፣ ዝጋው!» ሲል ማናችን አፋችንን ከፍተን እናስረዳለን? እውቀቱ አለን፤ ይሉኝታ ግን አፋችንን ይዞታል።

እዚህ ላይ ከወንድሞቻችን አንዱ ያነሣውን ተቃውሞ እንመርምር። «የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ስለ ነገ አትጨነቁ ተብለን ሳለ ከሳል መሸሽ አለማመን ነው» ብሎ ነበር። ስለ ነገ እንዳንጨነቅ መማራችን እውነት ነው። ነገር ግን ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውርና መላእክት እንዲደግፉት ጌታን የጠየቀው ፈታኙ እንደ ሆነ፣ ጌታም እንዳልተቀበለው አብረን ተምረናል። ደግሞም በሃያ ዓመቱ ጤነኛ የሆነ ወጣት «እኔ ሞትን አልፈራም» ሲል አደጋ ላይ የሚጥለው ማንን ነው? እርሱ ሦስት ቀን አተኩሶት ይነሣል። በአደጋ ላይ የምትወድቀው ከአጠገቡ ቆማ የምታስቀድሰው አሮጊት ናት። የሰውን ገንዘብ አንሥቶ መመጽወት ቸርነት እንደማይባል ሁሉ፣ በሌላ ሰው ሳንባ መድፈርም እምነት ሊባል አይገባውም።

በሌላ በኩል ፍርሃትም የራሱ ኃጢአት አለው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ኮሮና ከኢንፍሉዌንዛ የተለየ በሽታ ቢሆንም የሚሄድበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የትንሣኤን በዓልም ብዙዎቻችን በየቤታችን አሳለፍን። በዚያን ሰሞን በከተማችን አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ላይ «ኮሮና!» እየተባሉ ተሰድበዋል። በየሰፈሩም ያሳለ ሰው እንደ ወንጀለኛ የታየበት ጊዜ ነበር። የሚጨነቅ ሰው ዘወትር ራሱን ስለሚያስብ ሕመሙንና ሕመምተኛውን መለየት ያቅተዋል። ከበሽታው እሸሻለሁ ሲል ከወንድሙ ይሸሻል፤ ወንድሙም ሕመሙን መደበቅ ይጀምራል። የተደበቀ ሕመም ደግሞ የበለጠ ይዛመታል።

እንግዲህ በመጨነቅና በመጠንቀቅ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይታወቃል ብለን እናምናለን። የሚጨነቅ «እኔን ምን ያገኘኝ ይሆን?» ይላል። የሚጠነቀቅ ግን «በእኔ ምክንያት ማን ይጎዳ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክርም የተነገረው እሳቱን አይቶ ለሚጮኽ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን ይዞ ለሚሮጥ ነው።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። በዚህች ከተማ መጠንቀቅ ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። የቀን ሠራተኛው ካልወጣ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ሊስትሮው ቢያተኩሰውም ሣጥኑን ይዞ ይወጣል። ስድስት ሆነው በአንዲት ክፍል የሚያድሩ ሰዎችን «ሕመምተኛውን ለብቻ አስተኙት» ብንላቸው በየት በኩል ያስተኙታል? እንጀራውን ሳንሰጠው ከቤትህ አትውጣ የምንለውን ሰው ተቆጣነው እንጂ አልረዳነውም። ስለዚህ ጥንቃቄ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። እድር ሐዘንተኛን እንደሚደግፍ ሁሉ የታመመም ሰው ሳይሸማቀቅና ሳይራብ ተኝቶ እንዲድን የሚያስችለው ማኅበር ያስፈልገዋል።

የእኛም ጥፋት ከዚህ አንጻር ሲታይ ግልጽ ነው። እያሳለ የመጣውን ወንድም ብቻ ልንወቅሰው አንችልም። ታሞ የቀረውንና ሰንፎ የቀረውን በአንድ መዝገብ የጻፍነው፣ እንዲመጣም ያስገደድነው እኛው ነን። ስለዚህ በክፍላችን ተነጋግረን እንዲህ ተስማምተናል። የታመመ አባል ቢቀር በቀሪነት አይጻፍበትም። በጥናት ጊዜ መስኮት ይከፈታል፤ የበረደው ነጠላውን ወይም ጋቢውን ይደርባል። አረጋውያንን ልንጠይቅ ስንሄድ ከመካከላችን ጉንፋን የያዘው ይቀራል፤ ሰላምታውን በስልክ ያደርሳል። በኪራይ ቤት ወይም በመኝታ ክፍል ብቻውን ለተኛ ተማሪ ሁለት ሁለት እየሆንን ተራ ገብተን ምግብ ከደጁ እናደርሳለን፤ ያመለጠውንም የትምህርት ማስታወሻ እንገለብጥለታለን።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ወረርሽኝ ቢመጣ ብቻውን አያቆመውም። ሆኖም ነገ የሚመጣውን ስለማናውቅ ዛሬ በእጃችን ያለውን እንጀምር። እኒያ እናታችንን ባለፈው እሑድ ሄደን አየናቸው። ከደጃፉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ ራቅ ብለን እጅ ነሣናቸው። በመጀመሪያ «ምነው፣ ተጸየፋችሁኝ እንዴ ልጆቼ?» ብለው ቅር አላቸው። ያለፈውን ሁሉ ነግረናቸው ይቅርታ ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ቡናውን ወደ ውጭ አውጡታ» አሉን።

ቸር ይግጠመን።