ስለ ንባብ ቤት መምህር ምስክርነት

አንድ ሕፃን በገጠር ደብር ንባብ ቤት ገብቶ «ዳዊት ደገመ» በተባለ ጊዜ፥ ደገመ ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው? ምስክርነቱስ እውነት ሳይሆን ቢቀር ዕዳው በማን ላይ ያርፋል? ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ነው።

የንባብ ቤት ሥርዐት የታወቀ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ፊደላት ከነ7 ድምፃቸው ያጠናል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን ይቈጥራል፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት በቍጥር፥ በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ከጸሎተ ነቢያትና ከመኃልየ መኃልይ ጋራ ይደግማል።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥበብ አለ። ሀ ሁ በተራው ሲዜም ልጁ በጆሮው ብቻ ሊይዘው ይችላል፤ ዐይኑ ሌላ ስፍራ ሳለ አፉ ይከተላል። አቡጊዳ ግን ተራውን ይለውጣልና፥ በጆሮ የተያዘውን በዐይን ከታወቀው ይለያል። እንግዲህ ልጁም መምህሩም እንዳይታለሉ መፈተኛው ከመጀመሪያው ተቀምጦልናል ማለት ነው።

ይህን መፈተኛ ቸል ያለ መምህር ምን እንደሚያገኘው ከራሳችን እናውቃለን። ከ25 ዓመት በፊት በአንዲት አነስተኛ የገጠር ደብር ከ20 የማይበልጡ ሕፃናት ይዘን ንባብ እናስተምር ነበር። ከነዚህ አንዱ ድምፁ ያማረ፥ የሰማውን የማይረሳ ልጅ ነበረ። ባልንጀሮቹ ሲያነቡ እየሰማ መዝሙሩን ሁሉ በቃሉ ያዘ። ጣቱን በመጽሐፉ ላይ እያስኬደ ሲደግም፥ ጣቱና አፉ በአንድ ቃል ላይ መዋላቸውን አልመረመርንም። በልባችን ጥርጥር ነበረ፤ ነገር ግን እናቱ መበለት ነበረችና፥ ከጎታዋም እህል እየሰፈረች ትረዳን ነበርና፥ ደስ ይበላት ብለን «ደገመ» አልን። እርሷም ጠላ ጠምቃ፥ ዳቦ ጋግራ ጎረቤት ጠራች።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ከሄደው ከታላቁ ልጇ ደብዳቤ መጣላት። ለታናሹ ሰጥታ «አንብብልኝ» አለችው። ልጁም ማንበብ አለመቻሉን መግለጥ አፍሮ «ደኅና ነኝ ይላል» አላት። በሰንበት ከቅዳሴ ስንወጣ ወረቀቱን ይዛ ደስታዋን ልታካፍለን መጣች። ተቀብለን ብንመለከተው ልጇ ታሞ እንደ ተኛና ሰው እንዲደርስለት እንደሚለምን የሚናገር ሆኖ አገኘነው። እውነቱን ነገርናት። ልጁን አልተቈጣችም፤ እኛን ተመለከተች። በሽተኛው በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ ያ አመለካከቷ ግን እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልጠፋም።

ሕፃኑ ስለ ምን ዋሸ? አስቀድመን የዋሸን እኛ ነን። ያላነበበውን አነበበ ብለን በሕዝብ ፊት መሰከርንለት፤ እርሱም የእኛን ቃል ላለማፍረስ ሁለተኛ ሐሰት ጨመረበት። ርኅራኄ የመሰለን ነገር ሐሰተኛ ምስክርነት ነበረ፤ የመበለቲቱን እህል በልተን ልጇን የሚገባውን ነፈግነው።

ይህን ስንል የቃል ጥናትን መንቀፋችን አይደለም። በልጅነት የተያዘ መዝሙር ዐይን በደከመ ጊዜ፥ መብራትም በሌለበት ሌሊት ስንቅ ይሆናል። አንዳንዶች ደግሞ «ምሥጢሩን በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ይደርስበታል፤ ለጊዜው ድምፁ ይበቃዋል» ይላሉ። ትምህርቱን ለሚቀጥል ተማሪ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከንባብ ቤት የሚወጡት ልጆች አብዛኞቹ ወደ እርሻቸው ወይም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንጂ ወደ ቅኔ ቤት አይሄዱም። ለነዚህ ለነገ የተባለው ትርጓሜ ነገም አይመጣላቸውም። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ሲያነብ ባገኘው ጊዜ የጠየቀው ስለ ድምፁ ማማር ሳይሆን ስለ ማስተዋሉ ነበር፤ ጃንደረባውም የሚመራው እንደሌለ ሳያፍር ተናገረ። የእኛ ልጅ ግን «አልቻልሁም» ማለትን ከእኛ አልተማረም ነበር።

ስለዚህ መምህር ልጁን «ደገመ» ከማለቱ በፊት ያላጠናውን ገጽ ገልጦ ያስነብበው፤ በየቀኑ ከመዝሙሩ አንዱን ኀይለ ቃል በአማርኛ ይፍታለት፤ ስሙንና አጭር ደብዳቤም ያስጽፈው። ያልቻለውን ሰነፍ ብሎ አይግረፈው፤ ለወላጁም «ገና ነው» ብሎ በግልጥ ይንገር። «ገና ነው» ማለት ያሳዝናል እንጂ አያታልልም።

ሸክሙ ግን በመምህሩ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ካጣች ወዲህ ብዙ የገጠር መምህራን የሚኖሩት በምእመናን ስጦታ ነው። ከወላጅ እጅ እህል የሚቀበል መምህር ለዚያው ወላጅ «ልጅህ አልቻለም» ለማለት ይፈራል፤ እኛንም የጣለን ይህ ፍርሃት ነው። እንግዲህ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ የመምህሩን ቀለብ በአንድነት ቢሰፍርለት፥ ሆዱን ከማጥገቡም በላይ አንደበቱን ነጻ ያወጣዋል።

መምህራን የበለጠውን ፍርድ እንደሚቀበሉ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቆናል። የሕፃናቱ ብዛትና የድግሱ ማማር በዚያ ፍርድ ፊት አይቈጠርልንም፤ የምንጠየቀው ስለ እያንዳንዱ ልጅ በሰጠነው ቃል ነው። ቃላችንን እውነት ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።