የተዘጋጀች መርከብ ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለችም
(ዮናስ 1፥1-3፤ 3፥1፤ ያዕቆብ 4፥13-15)



ግንቦት ሲጋመስ በብዙ ቤቶቻችን ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንደኛው የፈተና፣ ሁለተኛው የክረምት ጉዞ ሐሳብ ነው። የሚያጠናው ልጅ ዐይኑ በመጽሐፉ ላይ ቢሆንም ልቡ ባሕር ተሻግሯል። ወላጆችም ስለ ውጤቱ ይጸልያሉ፤ በዚያው አፍ ስለ ቪዛውም ይጠይቃሉ። በአንድ ልብ ውስጥ የሚጋጩትን እነዚህን ሁለት ሐሳቦች በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን እንመለከታቸው ዘንድ ይገባናል።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቆሼ ሰፈር የሚኖር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። በጣልያን አገር የምትኖር አክስቱ ክረምቱን እርስዋ ዘንድ እንዲያሳልፍ ጠርታዋለች። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ስለዚህ በሐምሌ ሊሄድ የሚሻ ሰው ቢዘገይ በግንቦት ማመልከት አለበት፤ ግንቦት ደግሞ ትምህርቱ የሚከለስበት ወር ነው። የፈተናውም ቀን በየዓመቱ አንድ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች የተፈተኑት አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ የ2017 ዓ.ም. ተማሪዎች ግን በሰኔ መጨረሻ ተፈትነዋል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚፈተን ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ከኤምባሲው ቢደወልለት እንኳ አይሰማም። በዚያው ሰፈር የምትኖር ጓደኛው ደግሞ አክስት የላትም፤ ያላት ደላላ ነው። ደላላውም «ፈተናው ምን ያደርግልሻል? ከጓደኞችሽ ቀድመሽ ውጪ» ይላታል።

በእነዚህ ልጆች ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ቆሼ ስሙን ያገኘው ከቆሻሻ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረበት ሥፍራ ነውና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በቅዳሜ ምሽት፣ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንም ሕይወታቸውን አጡ። እንዲህ ባለ ሥፍራ ያደገ ልጅ «ከዚህ ልውጣ» ቢል የሚፈርድበት ማን ነው? አገርን ለቅቆ መሄድም በራሱ ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ተጠርቶ ከዘመዶቹ ወጥቷል፤ ቅዱስ ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሄዷል።

ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ የሌላም መንገደኛ ታሪክ ይነግረናል፤ እርሱም በጾመ ነነዌ የምናስበው ነቢዩ ዮናስ ነው። እግዚአብሔር በስተምሥራቅ ወዳለችው ወደ ነነዌ ላከው፤ እርሱ ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተርሴስ መለሰ። ወደ ወደቡ በወረደ ጊዜ ምንም እንቅፋት አልገጠመው፤ መርከቢቱ ተዘጋጅታለች፣ ቦታ አለ፣ ለጉዞው የሚከፍለውም ገንዘብ በእጁ ነበረ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን «መንገዱ ሁሉ ተከፈተለት፤ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ባልን ነበር። ሆኖም ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ ነበረ። ስለዚህ ወዳጆች ሆይ፣ ቪዛ መውጣቱ፣ ትኬት መገኘቱ፣ ደላላው «ሁሉ አልቋል» ማለቱ ብቻውን የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አይሆንም።

ታዲያ ጥሪውን ከሽሽት በምን እንለያለን? ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው፦ ትቼው የምሄደው ግዴታ አለን? ሐዋርያው ያዕቆብ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ሊነግዱ ያቀዱትን ሰዎች ሲገሥጻቸው ማቀዳቸውን አልነቀፈም። የነቀፈው ነገን በእጃቸው እንዳለ መቁጠራቸውን ነው፤ ሕይወታችን ለጥቂት ጊዜ ታይቶ እንደሚጠፋ እንፋሎት መሆኑንም ያሳስበናል። በቆሼ ከክምሩ የሚወጣውን ጢስ እያዩ የኖሩ ሰዎች ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቁታል፤ በዚያች ቅዳሜ ዋዜማም በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የነገ ዕቅድ ነበረ። በእጃችን ያለው ዛሬ ነው፤ የተማሪም የዛሬ ግዴታው ትምህርቱ ነው።

በዚህ ረገድ የራሳችን ሰው የሆነው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ታላቅ ምሳሌያችን ነው። በጎጃም ተወልዶ፣ በመርጡለ ማርያም መንኵሶ፣ መጻሕፍትን በመመርመር ረጅም ዘመን ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሮምና ወደ ኢየሩሳሌም በተጓዘ ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያህል ነበረ። ከድካሙ አልሸሸም፤ በአገሩ የጀመረውን እውነትን የመፈለግ ሥራ ባሕር ማዶ ቀጠለው እንጂ። ያገኘውንም ይዞ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ፤ ስለዚያም እውነት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1855 ዓረፈ።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ ቅድስናውን ያወጁለት ጣልያናዊው ወጣት ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲም ተማሪ ነበረ። ተራራ መውጣትንና ከጓደኞቹ ጋር መጓዝን እጅግ ይወድ ነበር፤ ትምህርት ግን አልቀለለለትም፤ በልጅነቱ በላቲን ፈተና ወድቋል። የማዕድን ምህንድስናን የመረጠው በማዕድን ጕድጓድ የሚደክሙትን ሠራተኞች ለማገልገል አስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በ24 ዓመቱ ሲያርፍ ትምህርቱን ገና አልጨረሰም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ያለችው በዲግሪው አይደለም፤ ተራራውንም መጽሐፉንም ድኾችንም በአንድ ልብ ለእግዚአብሔር ስላቀረበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ዮናስ ለራሱ ቦታ ከፈለ፤ ማዕበሉ ሲነሣ ግን ጭነታቸውን ወደ ባሕር የጣሉት ምንም ያልበደሉ መርከበኞች ነበሩ። ዛሬም የእናት ዕቁብ፣ የአጎት ብድር፣ የታናናሾች የትምህርት ወጪ ለአንድ ጉዞ ሲባል ወደ ባሕር ይጣላል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ተቀምጦ እንዲያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ደላላው የማይነግረው ሌላ ዋጋም አለ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ስናስብ ልንወቅሳቸው አይደለም፤ ስለ እምነታቸው ሞተዋልና እናከብራቸዋለን። ነገር ግን እኅትና ወንድሞቻችን በዚያ በረሃ እንዲያልፉ የሚገፋፋውን ሰው ዝም ብለን ልናየው አይገባንም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ጉዞው በእውነት ይነገራልን? እዚህ ላይ በተለይ እናንተን፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን እንማጠናለን። በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 2 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲደረግ የታቀደውን የዓለም ወጣቶች ቀን የመሰለ መንፈሳዊ ጉዞ ሲታሰብ ከቁምስና የምስክርነት ደብዳቤ ይጠየቃል። ሊመለስ ያላሰበ ወጣት «ጻፉልኝ» ብሎ ቢመጣ፣ በኀዘኔታ የሚጻፍለት የሐሰት ቃል ምሕረት ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ያ ፊርማ በእውነት ለሚሄዱትና ለሚመለሱት ታናናሾቹ በሩን ይዘጋባቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያንንም ምስክርነት ያራክሰዋል። ደብዳቤውን እንከልክለው፤ ልጁን ግን አንከልክለው። ተቀምጠን ለምን መሄድ እንደ ፈለገ እንስማው፤ ምናልባት ይህን የጠየቀው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምክንያት የፈተናው ፍርሃት ይሆናል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከአሥር ልጆች ከዘጠኙ የሚበልጡት ወደ ቤታቸው የተመለሱት አንገታቸውን ደፍተው ነው ማለት ነው። በቤቱ «ካላለፍህ ዐይንህን አላይም» የተባለ ልጅ፣ «ካላለፍሽ ወደ ዐረብ አገር ነው» የተባለች ልጅ ወደ ተርሴስ የሚሄደውን መርከብ ቢፈልጉ የገፋናቸው እኛ ነን። ወላጆች ሆይ፣ ፈተናው ልጃችሁ የተማረውን ይለካል እንጂ ልጃችሁን አይለካም። ይህን ከውጤቱ በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት ንገሩት፤ ያን ጊዜ ልቡ አርፎ ያጠናል።

የዮናስም ታሪክ በማዕበሉ አልተፈጸመም። በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ የእግዚአብሔር ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እርሱ መጣ። እግዚአብሔር የሸሸውን ነቢይ በሌላ አልተካውም፤ ያንኑ ሰው፣ ወደዚያችው ከተማ፣ እንደ ገና ላከው። በፈተና የወደቀ፣ ከመንገድ የተመለሰ፣ ገንዘቡን በደላላ የተበላ ልጅ በየቁምስናችን ይህን ሁለተኛ ጥሪ ከእኛ አፍ ሊሰማ ይገባዋል።

እንግዲህ በዚህ ወራት በየቤተሰቡ አብረን እንጸልይ፤ ማጥናት ያለበት ያጥና፤ መሄድ ያለበትም ግዴታውን ፈጽሞ፣ ወጪውን አስልቶ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ «ጌታ ቢፈቅድ» ብሎ ይሂድ። ወደ ግብፅ የተሰደደችው፣ ወደ ናዝሬትም የተመለሰችው እመቤታችን ድንግል ማርያም ተማሪዎቻችንን በፈተና አዳራሽም በመንገድም ትጠብቅልን። አሜን።