ፕሬዚዳንቱ ለማን ይታዘዛል?

እ.ኤ.አ. በ1786 የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሬክተርነት ተራ ለአማኑኤል ካንት ደረሰው። ሹመቱ በነባር መምህራን መካከል የሚዘዋወር ስለነበር ሁሉም በየተራው ይሸከመው ነበር። አዲስ ሬክተር ሲሰየም መምህራኑ ተሰልፈው ወደ ካቴድራሉ መሄዳቸው የተለመደ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ካንት ከሰልፉ ጋር እስከ ደጃፉ ይደርስና ሌሎቹ ሲገቡ እሱ ዘወር ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ሹመቱን ተቀብሏል፤ የሹመቱን ሥርዓት ሁሉ ግን አልተቀበለም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ጠነከረ። ከፕሩሺያው ንጉሥ ከፍሬድሪክ ዊልያም ሁለተኛ የተላከ ደብዳቤ ደረሰው። ስለ ሃይማኖት የጻፈው የመጽሐፍ ቅዱስን ትምህርት ያዋርዳል፣ ቢደግመው የማይወደው ነገር ይከተለዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ካንት ያኔ ሰባ ዓመት ሞልቶታል። የግርማዊነታቸው ታማኝ ተገዥ እንደመሆኑ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በአደባባይ እንደማይናገር ጽፎ መለሰ። ንጉሡ በ1797 ሞቱ። በዓመቱ ካንት «የፋኩልቲዎች ግጭት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመና ደብዳቤውን ከነመልሱ መቅድሙ ላይ አወጣው። ቃል የገባው የእኚያ ንጉሥ ተገዥ ሆኖ ስለነበር፣ ቃሉም ከንጉሡ ጋር መቃብር ወርዷል የሚል ማብራሪያ አክሎበታል። በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ ብልሃቱን ለመረዳት አይቸገርም።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ግን ብልሃት አይደለም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያቋቁማል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ቄሱንና ዳኛውን ሐኪሙንም ከዚያ ይቀበላል። ስለዚህ እነዚህ ባለሙያዎች ለሕዝብ የሚያስተምሩትንና የሚሠሩትን የመቆጣጠር መብት አለው። አንድ ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን ፍርድ ግን ሊወስን አይችልም። ይህ ፍርድ ከምክንያት በቀር ሌላ አዛዥ የለውም፤ ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢያንስ አንድ ወገን ማንንም ሳይፈራ መመርመር መቻል አለበት። የካንት ክፍፍል እዚህ ላይ ያበቃል። ጥያቄው ግን ሬክተሩ ላይ ይቀራል። በአንድ ወንበር ተቀምጦ በጀቱን ላወጣው መንግሥትም፣ ትእዛዝ ለማይቀበለው ዕውቀትም ተጠሪ የሆነ ሰው፣ ሁለቱ ሲጋጩ ለማን ይታዘዛል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ጠይቆታል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመራው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ላይ ተመረቀ። ቻንስለሩ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ነበሩ። ቤቱም፣ ገንዘቡም፣ ስሙም፣ ሹመቱም ከአንድ እጅ የወጣ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲው የቤተ መንግሥት ቅጥያ ብቻ ነበር ቢባል ግን ያኔ የሆነው ነገር አይገለጽም። ተማሪዎች በትምህርት ላይ እያሉ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያገለግሉበት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተጀመረው በልጅ ካሣ የፕሬዚዳንትነት ዘመን ነው። ከየገጠሩ የተመለሰው ወጣት ያየውን ይዞ መጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው ሰልፍ ከዚያው ከተሰጠው ግቢ ወጣ። ሰጪው ግቢውን እንጂ በግቢው የሚታሰበውን መስጠትም መከልከልም አልቻለም። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ሲገደልና በማግስቱ ወታደር ግቢው ውስጥ ገብቶ ሲተኩስ ግን ሌላ ነገር ታየ። ዩኒቨርሲቲውን የሚመሩ ሰዎች በሩን የሚዘጉበት ቁልፍ በእጃቸው አልነበረም።

ይህ የሁለት ሥልጣን ችግር ለኢትዮጵያ ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የታላላቅ አድባራት አለቃ በንጉሥ ይሾም ነበር፤ የአክሱም ጽዮን ንቡረ እድ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። አለቃው ርስተ ጉልቱን ያስተዳድራል፣ የካህናቱን ድርጎ ያያል፣ ክርክር ይሰማል። የቅኔው ወይም የመጻሕፍቱ መምህር ሥልጣን ግን ከሌላ ቦታ ይመነጫል፤ ካስተማረው መምህር ተመርቆ ወንበር ይዘረጋል። ተማሪውም አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲዞር የሚከተለው የአለቃውን ሳይሆን የመምህሩን ዝና ነው። አለቃው ድርጎ ሊያጓድል ይችላል። አንድን ቅኔ ጎደሎ ነው ወይም ሙሉ ነው የማለት ሥልጣን ግን ከወንበሩ ጋር አልተሰጠውም።

ይህ ክፍፍል ሁልጊዜ ተከብሯል ማለት አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ሲያከራክሩ፣ የክርክሩ ፍጻሜ የመንግሥት አዋጅ ሆነ። የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፤ የተረቱት ወገኖች ትምህርት ተከለከለ። ንጉሡ የአገር አንድነት ያሳስባቸው እንደነበር መካድ አይቻልም። ሆኖም የተረታው ሊቅ መልስ ያገኘው ከሊቅ ብቻ ሳይሆን ከዙፋንም ጭምር ነው። በሊቃውንት መካከል ያለ ክርክር በሥልጣን ሲቋጭ፣ ትክክለኛው ወገን ቢያሸንፍ እንኳ ለምን ትክክል እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲም ይህን ዓይነት መቋጫ አይቷል። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ተማሪዎች በኤርትራ ጉዳይ ተቃውሞ ይዘው ወጡ፤ ሰልፉም በጥይት ተበተነ። ከወራት በኋላ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ተሰናበቱ፤ ከእነዚህ መካከል የቀዶ ሕክምና ሊቁ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል። ለስንብቱ በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት ምንም ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል መምህር ሲወጣ የተረፈው መምህር የሚማረው አንድ ነገር ነው። ምን እንደሚያስተምር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚሰማውም ማሰብ ይጀምራል።

በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በፓርቲና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተለመደው ግምገማ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዲገባ መፈለጉ ከጠቡ መነሻዎች አንዱ ነበር። በእሳቸው ምትክ የተሾሙት እንድርያስ እሸቴ ናቸው፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የያዙ ፈላስፋ። ፕላቶ የተመኘው ነገር፣ ፈላስፋ ወንበር ላይ መቀመጡ፣ በስድስት ኪሎ እውን ሆነ። በስምንት ዓመት አመራራቸው የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ በተለይም የዶክትሬት ፕሮግራሞች፣ በእጅጉ ሰፉ። ደጋፊዎቻቸው ይህን ያነሳሉ። ተቺዎቻቸው ደግሞ ከመንግሥት ጋር ያላቸውን ቅርበት ይጠቅሳሉ።

ከሁለቱ ፕሬዚዳንቶች የቱ ትክክል ነበር? የለቀቀው ህሊናውን ጠብቋል፤ ወንበሩን ግን ለሌላ ትቷል። የገባው ሥራ ሠርቷል፤ የሹመቱን ምንጭ ግን ይዞት ገብቷል። ካንት ለዚህ አስቀድሞ የሰጠው መልስ ነበረው። ነገሥታት እንዲፈላሰፉ ወይም ፈላስፎች እንዲነግሡ መመኘት አያስፈልግም፣ ሥልጣን መያዝ የምክንያትን ነጻ ፍርድ ማበላሸቱ አይቀርምና። የሚያስፈልገው ፈላስፎቹ ዝም እንዳይባሉ ነው። በዚህ ሚዛን የዩኒቨርሲቲ መሪ ጥሩነት የሚለካው እሱ ራሱ ምን ያህል ጠቢብ እንደሆነ አይደለም፤ እሱን የሚቃወም መምህር በማግስቱ ክፍሉ ገብቶ ማስተማር በመቻሉ ነው።

በእንድርያስ አመራር ጊዜ የጀመረው ዘመን ጥያቄውን ከፖለቲካ ወደ አስተዳደር አዞረው። ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ሥርዓት፣ ካይዘን፣ አንድ ለአምስት አደረጃጀት እየተከታተሉ ገቡ። ከተማሪዎች 70 በመቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ያዘዘው ፖሊሲም በዚሁ ዘመን መጣ። ከእነዚህ አንዳንዱ በቦታው ጠቃሚ ነው። የቀድሞ ተማሪ ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሬጅስትራር ደጃፍ ላይ ሳምንት መመላለስ የለበትም፤ የሥራ ሂደቱን ማሳጠር ማንንም አይጎዳም። መዘዙ የመጣው ትራንስክሪፕት የሚለካበት ቅጽ የዶክትሬት ጥናት ማማከርን፣ የአንድን ሴሚናር ክርክር፣ የመምህርን ዝምታና ንባብ እንዲለካ ሲደረግ ነው። የመምህር ሥራ የሚቆጠር ክፍል አለው፤ የክፍለ ጊዜው ብዛት፣ የታረመው ፈተና፣ የታተመው ጽሑፍ። የማይቆጠረው ክፍል ግን ባለመቆጠሩ ብቻ ከዕቅዱ ይወጣል፤ ከዕቅዱ የወጣ ነገር ደግሞ ከጊዜ ብዛት ከሥራው ይወጣል። 70 እና 30ም እንዲሁ ነው። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል ብሎ መወሰን የመንግሥት መብት ነው፤ የትኛው ወጣት ምን ለማሰብ እንደተፈጠረ ግን ከመቶኛ አይወጣም።

እስካሁን የተባለው ጥፋቱን ሁሉ ከውጭ የመጣ ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1809 እና 1810 የበርሊንን ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ዊልሄልም ፎን ሁምቦልት በዚህ ላይ የሚገርም ሰው ነው። መንግሥት ገንዘብ ይስጥ እንጂ በዕውቀት ሥራ እጁን ባያገባ ይሻላል ይላል። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ በጀት እንዳይለምን የራሱ መሬት እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አልተሳካለትም። ይኸው ሰው ግን ፕሮፌሰሮችን የመሾም ሥልጣን ለመምህራኑ እንዲተው አልፈለገም፤ በመንግሥት እጅ እንዲቀር አደረገ። ምቀኝነታቸውንና ቡድንተኝነታቸውን ስለሚያውቅ ነው።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ይህን ሲሰሙ የሚከፋቸው ቢኖሩም የሚደነቅ አይኖርም። ከሁለትና ሦስት ተነስተው ከ40 በላይ በደረሱት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ፕሬዚዳንቱ የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነ የሚለው ጉምጉምታ፣ በትምህርት ክፍል ውስጥ የሚደረግ መሳሳብ፣ በሙያ ሳይሆን በወንዝ የሚወሰን ቅጥር፣ የሚኒስቴር ትእዛዝ ሳይጠብቁ የበቀሉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ልጆቻቸውን የላኩ ወላጆች የጠየቁት ራስ ገዝነትን አልነበረም፤ ልጃቸው በሕይወት እንዲመለስ ነው። የማኅበረሰቡ የራሱ ፍርድ ሲጠፋ የውጭ እጅ ተጋባዥ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆነ። የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ከሚከፍሉ ተማሪዎችም ገቢ ይሰበስባል። ሁምቦልት የፈለገው መሬት በሌላ መልክ መጣ ማለት ይቻላል። ግን በጀት ከሚሰጠው መንግሥት ጎን ክፍያ የሚከፍል ተማሪ ሲቆም፣ ሦስተኛ ጌታ ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ጌታ ወታደር አይልክም፣ ደብዳቤ አይጽፍም። የማይፈልገውን ትምህርት ሳይመዘገብ ያልፋል፣ ያ ትምህርትም በገቢ መዝገቡ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይታያል።

የጥንት የግእዝ ብራናዎችን የሚያነብ ፊሎሎጂ፣ ንጹሕ ሒሳብ፣ ፍልስፍና፣ እንዲህ ያሉ ትምህርቶች በዚህ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ጥቂት ተማሪ የያዘ ክፍል ይዘጋ ወይስ የአካውንቲንግ ክፍያ ይደጉመው የሚለውን ሰነድ ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ያገኘዋል። ሚኒስትሩ አላዘዘም፣ ተማሪው አልጠየቀም፣ ሒሳብ ሹሙ ቁጥሩን አቅርቧል። የዚያ ቀን ፕሬዚዳንቱ ከማንም ጀርባ መደበቅ አይችልም። ቢያንስ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሴኔቱ ማቅረብ፣ የሚቃወሙትም ምክንያታቸውን በቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር መቻላቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል።