ከጎደለበት ላይ መውሰድ



በአረካ ገበያ ዝንጅብል የምትሸጥ አንዲት እናት የዕቃ ዋጋ በስልኳ ልትከፍል ብላ ጥቂት ብር ጎደለባት እንበል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የጀመረው የቴሌብር «እንደኪሴ» አገልግሎት ለእንዲህ ያለው ችግር የታሰበ ነው፤ ደንበኛው ጉድለቱን ተበድሮ ይከፍላል፣ ኋላም የአገልግሎት ዋጋ ጨምሮ ይመልሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሆኖም የኅሊና ጥያቄ ያስነሣል፤ ገንዘብ ከጎደለው ሰው ላይ ተጨማሪ መውሰድ ተገቢ ነውን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ለድኻ ያበደረ ወለድ እንዳይጭንበት ያስጠነቅቃል። በ15ኛው መቶ ዘመን ፍራንቸስካውያን በኢጣሊያ ድኾችን ከአራጣ ለማዳን የብድር ቤቶችን ሲያቋቁሙ፣ ለሥራ ማስኬጃ ጥቂት ክፍያ መቀበላቸው ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። አምስተኛው የላተራን ጉባኤ በ1515 እ.ኤ.አ. ወጪን ብቻ የሚሸፍን መጠነኛ ክፍያ አራጣ እንዳልሆነ ወሰነ።

ከዚህ መለኪያ እናገኛለን። አበዳሪ ወጪውን ቢጠይቅ፣ መክፈል እየቻለ ቃሉን ያላከበረውንም በልክ ቢቀጣ አይነቀፍም። ክፍያው ከወጪውና ከጉዳቱ አልፎ ከችግረኛው ጉድለት ትርፍ መሰብሰቢያ ሲሆን ግን ፍትሕ ይጓደላል። ተበዳሪም በበኩሉ ውሉን ሳያውቅ አይግባ፤ መክፈል የሚችለውንም አያዘግይ።

ነገር ግን ባንክን ከመውቀሳችን በፊት ወደ ገዛ ዕድራችን እንመልከት። እኛም መዋጮ ያዘገየን እንቀጣለን። ቸል ያለውን ባለጸጋና ልጇን በዱቦ ሆስፒታል የምታስታምመውን እናት በአንድ ልክ ስንቀጣ፣ በመዝገቡ ላይ እኩልነት ይታያል። በእውነቱ ግን ለአንዱ ያልተሰማው ቅጣት የሌላይቱን እራት ይወስዳል።

ምክንያት ሁሉ ከተሰማ ዕድር ይፈርሳል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ ይጽና። ዳሩ ግን ከመቅጣት በፊት «ስለ ምን ዘገየህ? ምን ገጠመሽ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ከደንቡ አንዱ ይሁን። ከባንክ የምንሻውን ርኅራኄ በእጃችን ባለው ሣጥን ካልጀመርነው፣ ወቀሳችን ማን ዘንድ ይሰማል?