ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ ነውን?

እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ልጁ እጅ አስታጥቦ፥ ከመሶቡ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ቢጠይቁትም ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከማለት በቀር ቃል አይጨምርም። እንግዳውም ይህን አይቶ «ጨዋ ልጅ አሳድጋችኋል» እያለ ወላጆቹን ያመሰግናል። ነገር ግን የልጁ ዝምታ ከአክብሮት የመጣ ይሁን ወይም ከፍርሃት፥ የሚመረምር የለም፤ ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው እንደ መንታ ይመሳሰላሉና።

አክባሪ ልጅ ዝም የሚለው ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ ነው፤ የፈራ ልጅ ግን ዘወትር ዝም ይላል። የፊተኛው ተራው ሲደርስ ይናገራል፤ የኋለኛው ጆሮውን ቢያመው መግል እስኪወርደው ድረስ አይናገርም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ትልቅ ሰው ክፉ ቢሠራበት ለማን እንደሚነግር አያውቅም። በደለኛም የሚመርጠው የማይናገረውን ልጅ ነው።

ደግሞም ገንዘብ ያበደረው ሰው በደጅ ሲጣራ አባት «የለም በለው» ብሎ ልጁን ይልካል። ልጁም ወጥቶ «አባባ ‹የለም በለው› ብሏል» ይላል። በዚህ ጨዋታ ሁሉ ሰው ይሥቃል፤ ልጁ ግን ይገረፋል። በዚያች ቀን የተማረው እውነት አለንጋ የምታመጣ መሆኗን ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል በ3ኛው ምዕራፍ ሌላ ዓይነት ሽማግሌ ይገኛል። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት የሰማው ነገር በካህኑ በዔሊ ቤት ላይ የተፈረደ ፍርድ ነበረና፥ በነጋ ጊዜ ለዔሊ ለመንገር ፈራ። ዔሊ ግን ልጄ ብሎ ጠርቶ አንዳች እንዳይሸሽገው አማለው። ብላቴናውም ሁሉን ነገረው፤ ሽማግሌውም አልተቈጣም። ዔሊ የገዛ ልጆቹን ባለመከልከሉ ይነቀፋል፤ ይሁን እንጂ ክፉውን ነገር ከሕፃን አፍ ጠይቆ መስማቱ ሊዘነጋለት አይገባም።

«አፉ የተፈታ ልጅ ባለጌ ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። በሰው ንግግር መካከል እየገባ የሚለፈልፍ ልጅ ቤቱን ያውካል። ይህ ግን የሚታረመው አፍን በማፈን ሳይሆን ተራን በማስተማር ነው፤ ለዚህም አባቶች በእሳት ዳር ትምህርት ቤት ነበራቸው። ማታ አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ጠያቂው ይናገራል፥ ተጠያቂው ያዳምጣል፥ ያስባል፥ ይሞክራል። ባይሆንለት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ፥ በላዩም ከተሣለቀ በኋላ፥ ፍቺውን ይነግረዋል። በዚህ ስፍራ የ6 ዓመት ልጅ አያቱን ይረታል፤ አያትም መረታቱን በሣቅ ይቀበላል። ልጁም አፍና ጆሮ በየተራ የሚሠሩ መሆናቸውን፥ መሸነፍም የማይገድል መሆኑን ያለ አለንጋ ይማራል። (በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል እንጂ ዝም በማለቱ አይመረቅም።)

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አገር የወጣ አንድ ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን ልጆች መርምሮ፥ የአንጎላቸው የቋንቋ ክፍል በብርቱ መሥራቱ ከሰሙት ቃል ብዛት ይልቅ ከትልልቆች ጋራ ቃል ከመቀባበላቸው ጋራ የተያያዘ ሆኖ አግኝቶታል። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን በሚለፈልፍበት ቤት ልጁ ብዙ ቃል ይሰማል፤ የሚመልስለት ግን የለም።

በከተማ ዛሬ እሳት ዳር የለም፤ አባትም ደክሞ ይገባል። ቢሆንም በራት ጊዜ «ዛሬ ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅና፥ መልሱ እስኪያልቅ ጉርሻን በእጅ ይዞ መቆየት ይቻላል። ልጁ በመጀመሪያው ማታ «ምንም» ይላል። በሁለተኛውም «ምንም» ይል ይሆናል፤ በዐሥረኛው ግን ጆሮውን እያሻሸ የሚያመውን ይናገር ይሆናል።